ሒሳብ ለማን ተሰጠ?

ካርድ በሚሰጥበት ቀን ወላጆች ከጠረጴዛዬ ፊት ሲቀመጡ ዓይናቸው ቀድሞ የሚሄደው ወደ ሒሳብ ነው። የአማርኛው ውጤት ዝቅ ያለ እንደሆነ ወደ ልጁ ዞር ብለው “መጽሐፍ አትገልጥማ!” ይሉታል። የሒሳቡ ሲሆን ግን ቁጣ የለም፤ ይተክዛሉ። “ምን ይደረግ ቲቸር፣ ሒሳብ እንደሁ ከላይ ካልተሰጠ አይሆንም” ይሉኛል። ይህን ያለኝ ዲያቆን አለ፣ ኢማም አለ። ስልክ የምትሸጥ ነጋዴም፣ መንገድ የሚሠራ ኢንጂነርም ብለውኛል። ልጁ አጠገባቸው ቆሞ ይሰማል።

ደሴ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምራለሁ። በመምህራን ማረፊያችንም ከዚህ የተሻለ ወሬ የለም። ሻይ እየጠጣን “እሱ ጭንቅላት አለው፤ እሷ ግን ብትሞት አይገባትም” እንባባላለን። አነጋገሩ ትሕትና ይመስላል፤ ነገሩን ለሰጪው መተው ነውና። ይሁን እንጂ ስለ እግዚአብሔር የሚነገር ነገር በሻይ ሰዓት ተነግሮ ብቻ ሊታለፍ አይገባም። ሒሳብ በእርግጥ ለጥቂቶች ብቻ የተሰጠ ከሆነ የእኔ ሥራ ማስተማር አይደለም፤ ወንፊት ይዞ መንፋት ነው። ካልሆነ ደግሞ በየካርዱ ቀን በሰጪው ላይ የምንመሰክረው ሐሰት ነው።

ምስክርነቱን እስቲ በቁጥር እንፈትነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተወስዶ፣ የኩረጃው በር ጠበብ ተደርጎ ሲሰጥ፣ ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 በመቶ ሆኑ። ይህ የሁሉም ትምህርት ድምር እንጂ የሒሳብ ብቻ አይደለም፤ ሆኖም ሒሳብ ያልገባው ልጅ ፊዚክሱም እንደማይሆንለት ማንም ያውቃል። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን ሌላ ቁጥር ነው፦ በ2015ቱ ፈተና አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች ከ1,300 በላይ ነበሩ።

ስጦታ እንዲህ አይታደልም። አዳዩ ከላይ ሆኖ ለአንዱ ሰጥቶ ሌላውን ቢዘል እንኳ፣ የተዘለሉት በየቤቱ ተበታትነው ይገኛሉ እንጂ በአንድ አጥር ግቢ ውስጥ ተሰብስበው አይገኙም። ከአንድ ቀበሌ የመጡ ልጆች ሁሉ አንድ ላይ ሲወድቁ የምናየው የስጦታን ካርታ ሳይሆን የመጽሐፍን፣ የመምህርንና የመንገድን ካርታ ነው። ደግሞም ከ3.2 ወደ 8.4 ለመድረስ የፈጀው ሁለት ዓመት ነው። የተፈጥሮ ችሎታ በሁለት ዓመት ከእጥፍ በላይ አያድግም። በ2014 የሰሜኑ ጦርነት ደሴ ሲደርስ ትምህርት ቤቶቻችን ተዘግተው ነበር፤ ከዚያ በኋላ የተመለሱልን ልጆች ክፍልፋይና ኢኩዌሽን ጠፍቶባቸው ነበር። መቼም ስጦታው አብሮ ተፈናቅሎ ነው የሚል አይኖርም።

“ሒሳብ ለሴት አልተሰጠም” የሚለውንም ጨምሩበት። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ሒሳብ ስመርጥ ዘመዶቼ “ልጄ፣ ቀለል ያለ አጥተሽ ነው?” አሉኝ፤ ዛሬ እነዚያው ዘመዶች ልጆቻቸውን ቅዳሜ ቅዳሜ አስጠኚልን ብለው ይልኩልኛል።

ለስጦታው ወገን የሚቆመውን ብርቱ ማስረጃም አውቀዋለሁ፤ ያደግሁበት ነው። የእናቴ አባት መሪጌታ ነበሩ። የአጽዋማትና የበዓላት መቁጠሪያ የሆነውን ባሕረ ሐሳብን ሲነግሩን የሚጀምሩት ከድሜጥሮስ ነው። በቤተ ክርስቲያን ትውፊት ድሜጥሮስ ፊደል ያልቆጠረ የወይን አትክልተኛ ነበር፤ በኋላ የእስክንድርያ 12ኛው ሊቀ ጳጳሳት ሆነ። አጽዋማቱና በዓላቱ ዕለታቸውን ሳይለቁ የሚውሉበትን መንገድ ሽቶ ሱባዔ ገባ፤ ከሌሊቱ 23፣ ከቀኑ 7። አንድ ሱባዔ ሰባት ነውና 23 በ7 ሲባዛ 161 ይሆናል፤ በ30 ሲገደፍ 11 ይተርፋል፤ ይህ ጥንተ አበቅቴ ነው። 7 በ7 49፤ በ30 ሲገደፍ 19፤ ይህ ጥንተ መጥቅዕ ነው። ቀመሩ የተገለጠለት በዚህ ነው ይላሉ። ያልተማረ ሰው፣ ከሰማይ የመጣ ሒሳብ፤ ከዚህ በላይ የስጦታ ማስረጃ ከየት ይመጣል?

አያቴ ግን ታሪኩን ከጨረሱ በኋላ “እናንተም እስኪገለጥላችሁ ጠብቁ” አላሉንም። በጣታችን አንጓ ላይ ያስቆጥሩን ጀመር። ለምሳሌ የ2017 ዓ.ም. ፋሲካ ይፈለግ። 5,500 ሲደመርበት ዓመተ ዓለሙ 7,517 ነው። በ19 ሲገደፍ 12 ይተርፋል፤ አንዱ ለዘመኑ ይቀነሳል፤ ወንበሩ 11 ሆነ። ወንበሩ በ11 ሲባዛ 121፣ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 1። ወንበሩ በ19 ሲባዛ 209፣ በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 29። መጥቅዑ የሚውልበት መስከረም 29 ረቡዕ ዋለ፤ የረቡዕ ተውሳክ 4 ነው፤ ድምሩ 33፣ ሠላሳው ሲገደፍ 3፤ ነነዌ የካቲት 3 ሰኞ ትገባለች። የፋሲካ ተውሳክ 9 ነው፤ 3ና 9 12፤ ትንሣኤ ሚያዝያ 12። በዚያ ዓመት የተከበረበትን ቀን የሚያስታውስ ሁሉ ማመሳከር ይችላል።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ የማደንቀው ሁለት ነገር አለ። አንደኛው፣ አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30 ካልሰጡ ስሕተት መግባቱን ልጁ ራሱ ያውቃል፤ የኔታ ፊት እስኪቀርብ አይጠብቅም። ሁለተኛው፣ ያልገባው ልጅ ወደሚቀጥለው አይሻገርም፤ ወንበር ማውጣት ያልቻለ አበቅቴ አይጀምርም። ሁሉም ነገር ጥሩ ነበር አልልም፤ አለንጋውም ነበር፣ ሳይገባ የሚሸመደድም ብዙ ነበር። ቢሆንም ትውፊቱ ራሱ የሚያስተምረን አንድ ቁም ነገር አለ፦ ስጦታው የወረደው ለአንድ ሰው ነው፤ ወደ እኛ የደረሰው ግን በማስተማር ነው። መገለጥን አጥብቃ የምታምን ቤተ ክርስቲያን ቀመሩን ለተገለጠለት ብቻ ትታ ቢሆን ኖሮ ፋሲካ መቼ እንደሚውል የሚያውቅ ሰው አይኖርም ነበር።

ከአጥራችን ማዶ የነበሩት ሼህም በሌላ መጽሐፍ ያው ሥራ ይሠሩ ነበር። ወሎ ነውና የክርስቲያን ልጅ የሼሁን ግቢ አጥር ተደግፎ ማዳመጡ ብርቅ አልነበረም። ሼሁ ለደረሶቻቸው የውርስ ክፍፍልን፣ ሚራስን፣ ሲያስተምሩ የሚከፋፍሉት ፍየል ነው። “አንድ ሰው ሚስት፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ ትቶ ሞተ፤ 24 ፍየል አለው” ይላሉ። ለሚስት አንድ ስምንተኛ፣ 3 ፍየል። የቀረው 21 ለወንዱ ሁለት እጅ፣ ለሴቷ አንድ እጅ፤ 14ና 7። ደረሶቹ ደስ ብሏቸው ሳይጨርሱ “የሟቹ እናትም አሉ” ብለው ይጨምራሉ። ለእናት አንድ ስድስተኛ፣ 4 ይወጣል። ለልጆቹ 17 ቀረ፤ 17 ደግሞ ለሦስት አይካፈልም። ፍየል ይታረድ የሚል ደረሳ ይነሣል፤ ሼሁ ይስቃሉ። ከዚያ ከ24 ተነሥተው 72 ይደርሳሉ፦ ለሚስት 9፣ ለእናት 12፣ ለወንዱ 34፣ ለሴቷ 17። እኔ ዛሬ “የጋራ ብዜት” ብዬ በጥቁር ሰሌዳ ላይ የምጽፈውን እነሱ ያገኙት የአንዲት ሴት ልጅ ድርሻ እንዳይጎድል ሲሉ ነው። አልኸዋሪዝሚ በ9ኛው መቶ ዘመን በጻፈው የአልጀብራ መጽሐፍ ውስጥ ሰፊውን ቦታ ለውርስ ክፍፍል መስጠቱን ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ስሰማ አልገረመኝም። ከአጥር ማዶ ሰምቼዋለሁ።

የሼሁ ደረሶች የተመረጡ ልጆች አልነበሩም። ከብት ሲጠብቁ የከረሙ፣ ወላጆቻቸው ለዲን ብለው ያመጧቸው ነበሩ። ይህን ሳስብ የማይሆንልኝ አንድ ነገር አለ፦ በገጠር ግቢ ውስጥ 17ን ለሦስት ማካፈል ሲቸግራቸው አንድ ሼህ የጋራ ብዜት ያስገኟቸው ልጆች ሁሉ ልዩ ተሰጥኦ ነበራቸው ብዬ ማመን።

ተሰጥኦ የለም እያልኩ አይደለም። አለ። ህንዳዊው ሽሪኒቫሳ ራማኑጃን ቀመሮቹን በሕልም የምታሳየው ናማጊሪ የተባለች የቤተሰቡ አምላክ እንደሆነች ይናገር ነበር። በ1913 እ.ኤ.አ. ለካምብሪጁ ጂ. ኤች. ሃርዲ የላከው ደብዳቤ ሃርዲ አይቶ የማያውቃቸውን ቀመሮች የያዘ ነበር። ከየት መጡ ቢባል እኔ መልስ የለኝም፤ ከላይ ነው ለሚል ሰውም ክርክር የለኝም። ነገር ግን ያ ልጅ ከማድራስ ለሃርዲ ከመጻፉ በፊት በእጁ የገባ መጽሐፍ ነበር፤ ጆርጅ ካር የተባለ እንግሊዛዊ አስጠኚ በሺዎች የሚቆጠሩ ቀመሮችን የሰበሰበበት። ከዚያ ይልቅ ዋናው ነገር ይህ ነው፦ የራማኑጃን መኖር ስለ ራማኑጃን ይነግረናል እንጂ ግማሽና ሢሶ መደመር ስላቃተው የ8ኛ ክፍል ልጅ አንዳች አይነግረንም። ትምህርት ቤት የሚጠይቀው ሒሳብ የሊቅ ሒሳብ አይደለም፤ የፍየል ክፍፍል ነው።

ስጦታን የማይቀበሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚይዙት ሌላውን ጫፍ ነው፤ ትጋትን። “ሁሉም ይችላል፣ መበርታት ነው” ይላሉ። ሃሮልድ ስቲቨንሰንና ጄምስ ስቲግለር በ1992 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት የአሜሪካን እናቶች ከጃፓን፣ ከታይዋንና ከቻይና እናቶች ጋር አስተያይተው፣ አሜሪካውያኑ ለተፈጥሮ ችሎታ ይበልጥ ክብደት ሲሰጡ የእስያዎቹ ለጥረት እንደሚሰጡ ጽፈዋል። የእስያ ልጆች በሒሳብ ይበልጡ ስለነበር ብዙ ሰው “እንግዲያው ጥረት ነው” ብሎ ደመደመ። ይህ ለጆሮ ደስ ይላል፤ ለመንፈሳዊ ሰውም ይስማማል፣ ስንፍናን የሚያመሰግን ሃይማኖት የለምና።

እኔን ግን ያስፈራኛል። ከ100 ተማሪ ከ96 በላይ ሲወድቅ “አላጠኑም” የሚል ፍርድ ከስጦታው ፍርድ የከፋ ጭካኔ አለበት። የስጦታው ፍርድ ቢያንስ ልጁን አይከስስም፤ ያዝንለታል። የትጋቱ ፍርድ ውድቀቱን ኃጢአት ያደርግበታል። የማውቃቸው ሰነፍ የሚባሉ ልጆች ብዙዎቹ የሚያጠኑ ናቸው። በሻማና በስልክ መብራት ሌሊቱን ሲደግሙ የሚያድሩት ግን ያው ወርክሺት ነው፤ ጥያቄ ቁጥር 7 መልሱ ሐ መሆኑን ይሸመድዱታል። ያልገባውን ነገር አሥር ጊዜ የደገመ ልጅ አሥር ጊዜ ያልገባው ልጅ ነው። ይህን ልጅ “በርታ” ማለት የተዘጋ በር ላይ ሆነህ ግፋ ማለት እንጂ ቁልፍ መስጠት አይደለም።

እንግዲህ ሁለቱ መልሶች ተቃራኒ ይመስላሉ እንጂ አንድ ቤት ያደሩ ናቸው። ስጦታም ትጋትም ምክንያቱን የሚተክሉት በልጁ ውስጥ ነው። አንዱ በጭንቅላቱ፣ ሌላው በልቡ። ሁለቱም እኔን፣ መጽሐፉን፣ የመምህራን ኮሌጁንና ትምህርት ሚኒስቴርን ነፃ ያወጡናል። የሚወደዱትም ለዚህ ይመስለኛል።

ሦስተኛው መልስ ማስተማር ነው፤ ማስተማር ምን እንደሆነ ደግሞ ፕላቶን ሜኖን በተባለው ድርሰቱ ያስቀመጠውን የሚያህል ብዙ አላየሁም። ሜኖን ሶቅራጥስን የሚጠይቀው በጎነት በትምህርት ይገኛል ወይስ በተፈጥሮ ነው ብሎ ነው። ሶቅራጥስ ከሜኖን ቤት አንድ ባሪያ ልጅ ያስጠራና መሬት ላይ ጎኑ ሁለት ጫማ የሆነ ካሬ ይሥላል። ስፋቱ 4 ነው። የዚህን እጥፍ፣ 8 ስፋት ያለው ካሬ ለመሥራት ጎኑ ስንት ይሁን? ልጁ ሳያመነታ ጎኑም እጥፍ ይሁን፣ 4 ይላል። ሶቅራጥስ “ተሳስተሃል” አይልም፤ ሥሎ ያሳየዋል፤ ስፋቱ 16 ይሆናል። ልጁ ወደ 3 ይወርዳል፤ 9 ይመጣል። አሁን ልጁ እንደማያውቅ ያውቃል። ሶቅራጥስ በዚህ ጊዜ የካሬውን ሰያፍ ያሰምራል፤ በሰያፉ ላይ የቆመው ካሬ 8 ይሆናል።

ሶቅራጥስ ከዚህ ተነሥቶ ነፍስ ከመወለዷ በፊት ሁሉን ታውቅ ነበር፣ መማር ማስታወስ ነው ይላል። አያቴ ይህን ቢሰሙ ያወግዙት ነበር፤ ቤተ ክርስቲያናችን ነፍስ ከሥጋ በፊት ነበረች አትልም። ልጁን በጥያቄ እየመራ አስገባው እንጂ ልጁ አላገኘውም የሚል ትችትም አለ፤ ሰያፉን ያሰመረው ሶቅራጥስ ነውና ትችቱ ውኃ ይቋጥራል። እኔ የምወስደው ከትምህርተ ነፍሱ ይልቅ አሠራሩን ነው። ስሕተቱን አላጠፋውም፤ ልጁ ራሱ እስኪያየው ድረስ ተከትሎት ሄደ። ማንም ሊቅ ይሆናል ብሎ ያልጠበቀውን ባሪያ ልጅ መረጠ። ከሁሉ በፊት ደግሞ ሜኖንን የጠየቀው አንድ ነገር ነበር፦ ልጁ ግሪክኛ ይናገራል ወይ?

ክፍሌ ውስጥ ይህ ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። ከኔጌቲቭ 3 ላይ 5 ሲቀነስ ስንት ነው ብል ከክፍሉ ብዙው “ፖዘቲቭ 8!” ይላል። ይህ ስንፍና አይደለም። “ኔጌቲቭ በኔጌቲቭ ፖዘቲቭ” የሚለውን የማባዛት ሕግ እንደ መዝሙር ስለሸመደዱት ሁለት የቅናሽ ምልክት ባዩ ቁጥር ይዘምሩታል። ኤክስ ካደረግሁበትና ትክክለኛውን ከጻፍኩ ልጆቹ ይገለብጡታል፤ በማግስቱ ያው 8 ይመጣል። “ደላንታ ላይ ሌሊት ከዜሮ በታች 3 ዲግሪ ነበር፤ 5 ዲግሪ ወረደ፤ ሞቀ ወይስ በረደ?” ብዬ ስጠይቅ ግን ሳቅ ይነሣል፤ 8 ያለው ልጅ ራሱ እጁን ያወርዳል። ግማሽና ሢሶ ሲደመር ሁለት አምስተኛ ነው የምትለውን ልጅም “ሁለት አምስተኛ ከግማሽ ይበልጣል ወይስ ያንሳል?” እላታለሁ። ያንሳል። “በግማሽ ላይ ጨምረሽበት እንዴት አነሰ?” ዝም ትላለች። ማስተማር ከተባለ ያ ዝምታ ላይ የሚሠራው ሥራ ነው።

ችግሩ፣ ሶቅራጥስ አንድ ልጅ ነበረው፤ እኔ በአንድ ክፍል ከ60 የማያንሱ ልጆች አሉኝ፤ ያለኝ ደግሞ 40 ደቂቃ ነው። ልጆቹ ግሪክኛ ይናገራሉ ወይ የሚለውን ጥያቄ ማንም አልጠየቀልኝም። ሒሳብን በአፍ መፍቻ ቋንቋ ጀምሮ ወደ እንግሊዝኛ የሚሻገሩበት ክፍል እንደየክልሉ ይለያያል፤ 9ኛ ክፍል ላይ ግን ሁሉም በእንግሊዝኛ ይማራል። “ቢያንስ” እና “ቢበዛ” የሚለውን በእንግሊዝኛ ያልለየ ልጅ ኢንኢኳሊቲ አልገባውም ይባላል። የወደቀው በሒሳብ ይሁን በቋንቋ ማንም አይለይለትም።

እዚህ ላይ ነገሩ ከእኔ ክፍል ይወጣል። ፖሊሲ ስለ ልጅ ምን እንደምናምን የሚናገር የእምነት መግለጫ ነው፤ ወረቀቱ ላይ ከተጻፈው ይልቅ ገንዘቡና ሰው የሚመደብበት ቦታ ይናገራል። እኔ የፕላዝማ ትውልድ ነኝ። በ1997 ዓ.ም. በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ቴሌቪዥን ተሰቅሎ፣ ደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀው ትምህርት በሳተላይት ይለቀቅልን ጀመር። አቅራቢው በፈጣን እንግሊዝኛ ጥያቄ ይጠይቃል፣ ጥቂት ሰከንድ ይጠብቃል፣ ከዚያ “ቬሪ ጉድ!” ይላል። ማናችንም አልመለስንም። መምህራችን ጥግ ላይ ቆመው አብረውን ያያሉ። ሐሳቡ በክፋት አልመጣም፤ ምርጡን መምህር ለሁሉም ማድረስ ነበር። ዳሩ ግን ማስተማር ማለት መናገር ነው ብሎ ያመነ ፖሊሲ ነበር። ስክሪን ስሕተት አይሰማም፤ ዝምታን ያመሰግናል።

የመምህሩ ነገር ከዚህ ይከብዳል። ለብዙ ዓመታት የ10ኛ ክፍል ፈተና ላይ ጥሩ ያመጡት ወደ መሰናዶ፣ ያልሞላላቸው ወደ ቴክኒክና ሙያ ወይም ወደ መምህራን ኮሌጅ ይሄዱ ነበር። እንግዲህ ሒሳብ ያልሆነላቸውን ሰብስበን ሒሳብ ለሚጀምሩ ሕፃናት ላክናቸው ማለት ነው። ይህን የምለው እነሱን ለመውቀስ አይደለም፤ እነሱም በተራቸው ያልተማሩ ልጆች ነበሩ። በ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ልጅ እንዳይወድቅ ሲደረግ የታሰበው መምህሩ በየቀኑ እየመዘነ ይደግፈዋል ተብሎ ነበር። መዛኙ በሌለበት የተረፈው ማሳለፉ ብቻ ሆነ። ወንበር ያላወጣው አበቅቴ ጀመረ።

መፍትሔው ዲግሪ መጨመር ብቻ እንዳይመስለን የሊፒንግ ማ ጥናት ያስጠነቅቃል። በ1999 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው መጽሐፍ 23 የአሜሪካና 72 የቻይና አንደኛ ደረጃ መምህራንን ጠይቃለች። አንዱ ጥያቄ አንድ ከሦስት አራተኛን ለግማሽ ማካፈልና ለዚህ የሚሆን ታሪክ መፍጠር ነበር። ቻይናውያኑ ሁሉም በትክክል ሠሩት፣ አብዛኞቹም ታሪኩን ፈጠሩለት፤ ከአሜሪካውያኑ በትክክል የጨረሱት ከግማሽ ያነሱ ነበሩ። የሚገርመው አሜሪካውያኑ ባለ ዲግሪ ሲሆኑ ቻይናውያኑ በትምህርት ቤት የቆዩት ያነሰ ዓመት ነበር። ልዩነቱን ካመጡት ነገሮች አንዱ ሥራ ከጀመሩ በኋላ የመማሪያ መጽሐፉን አብረው እየመረመሩ፣ “ልጆች እዚህ ጋ የሚሳሳቱት ለምንድን ነው?” እያሉ መወያየታቸው ነበር። አንድ ኪሎ ከሦስት ሩብ ቡና በግማሽ ኪሎ ከረጢት ቢሞላ ስንት ከረጢት ይወጣዋል? ሦስት ከግማሽ። ይህን ጥያቄ ለማሰብ ሳተላይት አያስፈልግም፤ ዓርብ ከሰዓት ሁለት ሰዓትና አብረው የሚቀመጡ አምስት መምህራን ይበቃሉ።

ስለዚህ ከሚኒስቴሩ የምጠይቀው ፈተና እንዲቀል አይደለም። የተጠበቀ ፈተና መስጠቱ እውነቱን አሳይቶናል፤ ለዚያ ምስጋና ይገባዋል። ግን ፈተና ማንንም አያስተምርም። ጉብዝናና ደመወዝ ከታች ይጀምር፤ ሒሳብ የሚወዱ መምህራን ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ይመደቡ። መምህራን በሥራ ሰዓታቸው፣ በክፍያ፣ አንዱ የሌላውን ክፍል ገብቶ የሚያይበትና የልጆችን ስሕተት የሚመረምርበት ጊዜ ይሰጣቸው። ልጁ በሚያስብበት ቋንቋ ክፍልፋይን ሳይጨርስ ወደ እንግሊዝኛ አይገፋ። ስለ ማጠናከሪያ ትምህርት የሚነገረው ሁሉ የሚጀምረው 12ኛ ክፍል ከወደቁ በኋላ ነው፤ 4ኛ ክፍል ላይ ቢሆን ወጪው ባነሰ ነበር።

ስብከት ላይ ደጋግሜ የሰማሁት የመክሊት ምሳሌ አለ። ጌታው ለአንዱ አምስት፣ ለሌላው ሁለት፣ ለሦስተኛው አንድ ሰጠ፤ ለእያንዳንዱ እንደ ዓቅሙ። ለስጦታ ወገኖች ይህ ይመቻቸዋል፤ እኩል አልተሰጠምና። እኔም እኩል ተሰጠ አልልም። ያም ሆኖ በምሳሌው ውስጥ ምንም ያልተሰጠው ሰው የለም፤ ሦስተኛው የተፈረደበትም አንድ ብቻ ስለነበረው ሳይሆን አንዱን ስለቀበረ ነው። ባለ ሁለቱ የተመሰገነው ልክ እንደ ባለ አምስቱ ነው። ታዲያ በትምህርት ቤት ቀባሪው ማን ነው? የ8 ዓመት ልጅ መክሊቱን የሚቀብርበት ዶማ የለውም። የምንቀብርለት እኛ ነን፤ ወላጁ በካርዱ ቀን፣ እኔ በማረፊያ ክፍል፣ መንግሥት በበጀቱ። ከዚያም ጌታው ጨካኝ ነው፣ ካልዘራበት ያጭዳል ብሎ እንዳመካኘው ሰው፣ “ከላይ አልተሰጠውም” እንላለን።

ብሌዝ ፓስካል የ17ኛው መቶ ዘመን ፈረንሳዊ የሒሳብ ሊቅና አጥባቂ አማኝ ነበር። የእግዚአብሔርን መኖር በማስረጃ መቁረጥ ለማይችል ሰው ያቀረበው ክርክር ይታወቃል፦ ሁለቱንም ወገን ያዝ፣ ተሳስተህ ብትገኝ በየትኛው ይበልጥ እንደምትጎዳ መዝን። የእኛም ጥያቄ በማስረጃ ላይቋጭ ይችላል። ሁሉም ልጅ ክፍልፋይን ይማራል ብለን ተነሥተን ብንሳሳት፣ የምናጣው መጠነኛ ገንዘብና የመምህራን የዓርብ ከሰዓት ነው፤ ያልተሳካላቸውም ቢሆኑ ሲሞክሩ የተከበሩ ልጆች ይሆናሉ። ጥቂቶች ብቻ ናቸው ብለን ተነሥተን ብንሳሳት ግን የምናጣው ከ100 ልጅ 90 ነው፤ በላዩም እግዚአብሔርን ባልሠራው ሥራ ከስሰነዋል። ከሁለቱ የትኛው ኪሳራ እንደሚበልጥ ለማወቅ የሒሳብ ስጦታ አያስፈልግም፤ በደንብ የተማሩት የ4ኛ ክፍል ክፍልፋይ ይበቃል።